ሳትጣላ የወጣችው እታለም

ከእታለም ጋር ያስተዋወቀን የመጋረጃ ብረት ነው።

ሰው ከሥራ የሚወጣበት ሰዓት ስለነበር አውቶቡሱ ጢም ብሏል። እኔ መሃል ላይ ተንጠልጥዬ ቆሜያለሁ። አንዲት አጠር ያለች፣ ሃምሳን የተሻገረች ሴት ከቁመቷ የሚበልጥ ብረት በጋዜጣ ጠቅልላ ገባች። ብረቱን ስታቆመው ጣሪያ ይወጋል፣ ስታጋድመው ሰው ይወጋል። በመጨረሻ ወደ ጎን ላዙረው ስትል የአንዱን ሰውዬ ባርኔጣ ከራሱ ላይ አነሳችው።

«እመቤቴ፣ ዓሣ ልታጠምጂ ነው የተሳፈርሽው?» አላት ባርኔጣውን ከወለሉ እያነሳ።

«አጥምጄ ነበር፤ ትንሽ ስለሆነች መልሼ ጣልኳት» አለችው።

ተሳፋሪው ሳቀ፤ ሰውየውም ሳይወድ በግዱ ሳቀ። እኔ ከሁሉ በላይ ስለሳቅኩ ነው መሰለኝ የብረቱን ሌላ ጫፍ እጄ ላይ አኖረችው። «አንቺ እጅሽ ባዶ ነው፣ እስቲ ያዢልኝ የኔ እህት።»

ስንወርድም አንድ ፌርማታ ላይ ሆነ። አሮጌው ሰፈር የሚጀምረው እዚያ ነው። ቤቴ በሌላ በኩል ነበር፤ ግን እነዚያን ጠባብ መታጠፊያዎች ብረቱን ለብቻ ይዞ ማለፍ እንደማይቻል ሳይ እንዴት ልተዋት? ደግሞ እውነቱን ለመናገር፣ ከሰው ጋር ጨዋታ ከጀመርኩ መንገድ ላይ መለያየት አይሆንልኝም። እሷ ከፊት፣ እኔ ከኋላ፣ ብረቱ መሃላችን ሆኖ ገባን። መታጠፊያ በደረስን ቁጥር «ወደ ቀኝ! የኔን ቀኝ አይደለም፣ ያንቺን!» ትላለች። ሁለታችንም ፊታችን ወደ አንድ አቅጣጫ ስለሆነ ቀኛችን አንድ ነው ብላት ቆም ብላ አሰበችና «እሱስ ልክ ነሽ፤ ግን አትከራከሪኝ» አለች።

ሰፈሩ ግማሹ ታድሷል፣ ግማሹ ገና ነው። አንዱ ቤት አዲስ ቀለም ተቀብቶ ደረቱን ነፍቶ ይቆማል፤ ጎረቤቱ ወገቡን በእንጨት ተደግፎ ያዘነብላል። በፎቶ ኮፒ ቤትና በአንድ ብስክሌት ጠጋኝ መካከል ባለ አረንጓዴ በር ገባን። የእንጨቱ ደረጃ ከመረገጥ ብዛት መሃል መሃሉ ጎድጉዷል። ላይ ስንደርስ ብረቱን ግድግዳው ላይ አስደገፈች፣ ቁልፍ አወጣች፣ ከፈተች።

«ግቢ፤ ስቱዲዮ ነው» አለች፤ ስቱዲዮ የሚለውን ቃል እንደ ማዕረግ ስም ከፍ አድርጋ እየጠራች።

አንድ ክፍል ነው። ጣሪያው ረጅም ነው። ሦስቱ ግድግዳዎች ነጭ ተለስነዋል፤ አራተኛው የጥንቱ ድንጋይ እንዲታይ ተብሎ እንዳለ ተትቷል። ያረጀው የእንጨት ወለል ተፍቆና ተወልውሎ የማር ቀለም አውጥቷል። በአንድ ጥግ አዲስ የእቃ ማጠቢያና ባለ ሁለት ምድጃ፣ በሌላው ጥግ ወደ ሻወሩ የምታስገባ ትንሽ በር አለች። አልጋው በስተግራ፣ የስፌት መኪናው መስኮቱ ሥር። ወንበር አንድ ብቻ ነው። እኔን እሱ ላይ አስቀምጣ እሷ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች።

«ሰው ሁሉ እታለም ነው የሚለኝ፤ አንቺም እንደዚያው በይኝ። ወንድሜ አፉን ሲፈታ ያወጣልኝ ነው። እናትና አባቴ ያወጡልኝን ስም እኔም የማስታውሰው ስፈርም ብቻ ነው።»

ውሃ ጣደች። ከዚያ ከመሳቢያ ብሎንና መፍቻ አውጥታ «ሻይ እስኪፈላ ብረቱን እንስቀል ወይስ እንጫወት?» አለችኝ። ሁለቱም አብረው ይሄዳሉ አልኳት። እሷ ወንበሩ ላይ ወጣች፣ እኔ ብረቱን ከሥር ደገፍኩ፤ ወሬው ከላይ ወደ ታች ይወርድ ጀመር።

እታለም መጋረጃ ሰፊ ናት። መሃል ከተማ ካለ አንድ መጋረጃ ቤት ተቀጥራ የሰው መስኮት ትለካለች፣ ሱቅ ተመልሳ ትቆርጣለች፣ ትሰፋለች፣ ሄዳ ትሰቅላለች። «ዕድሜዬን በሰው መኝታ ቤት ጨረስኩት» አለች። «ስንቱን አልጋ አይቻለሁ መሰለሽ! የራሴ ግን ሶፋ ነበር።»

እናቷ የሞተችው እሷ ገና ተማሪ ሳለች ነው። አባትየው ቀደም ብሎ አርፏል። ከእሷ ሥር አንድ ወንድምና አንዲት እህት ነበሩ። ትምህርቷን ትታ ስፌት ገባች፤ ወንድሟን እስከ ውሃ መሥሪያ ቤት ደመወዝ፣ እህቷን እስከ ሌላ ከተማ ትዳር ድረስ አደረሰች። ወንድሟ ሚስቱን ያመጣው እዚያው የወላጆቻቸው ቤት ነው፤ ሁለት መኝታ ክፍልና አንድ ሳሎን። የመጀመሪያው ልጅ ተወለደ፤ ሁለተኛው መጣ። ያን ጊዜ ማንም ውጪ ሳይላት ልብሷን ሰብስባ ክፍሏን ለልጆቹ ለቀቀች፤ የሳሎኑ ሶፋ አልጋዋ ሆነ።

«ክፉዎች እንዳይመስሉሽ ደግሞ» አለች መፍቻውን እንደ ጣት እየቀሰረችብኝ። «አንድ ቀን ፊት አላጠቆሩብኝም። እታለም ያለችው ነው የሚሆነው። ግን ቤታችን ሰው አይጠፋበትም። ወንድሜ ኳስ ብቻውን ካየ ያየ አይመስለውም። አልጋዬ ላይ አራት ወንድ ተደርድሮ ዳኛ ሲሳደብ እኔ ጥግ ላይ ፈገግ ብዬ፣ እንቅልፌን በጥርሴ ይዤ እጠብቃለሁ። የወንድሜ ጓደኞች 'እታለም እኮ ኳስ ነፍሷ ነው፣ እስከ መጨረሻ ነው የምታየው' ይሉኛል!»

ወንበሩ ላይ ሆና እስኪያንቀጠቅጣት ሳቀች። እኔ ወንበሩን ያዝኩ። ሳቁ ሲያልቅ ድምፅዋ ዝቅ አለ።

«የልብ ጓደኛዬ የሞተች ጊዜ የማለቅስበት አጣሁ። ሳሎን ሰው አለ፣ ልጆቹ ክፍል ልጆች አሉ። ሽንት ቤት ገብቼ ቧንቧውን ከፍቼ ጀመርኩ። ገና አንጀቴ ሳይርስ በሩ ተደበደበ። 'እታለም ቶሎ በይ፣ ሊያመልጠኝ ነው!' ትንሹ ልጅ ነው። ምን ላድርገው? ወጣሁለት። ለቅሶዬ እዚያው ቀረ። ከዚያ ቀን በኋላ አንድ ነገር ልቤ ውስጥ ቁጭ አለ፤ ምን እንደሆነ ግን ስሙን አላውቀውም ነበር።»

ስሙን ያወቀችው እዚህ ክፍል ውስጥ ነው። የቤቱ ባለቤት ጡረታ የወጡ ፋርማሲስት ናቸው። የወረሱትን አሮጌ ቤት ፎቅ በፎቅ እያሳደሱ ያከራያሉ። ክፍሉ አልቆ መጋረጃ ብቻ ሲቀረው ወደ ሱቁ ደወሉ፤ እታለም ሜትሯን ይዛ መጣች።

«የድሮ መስኮት ያታልልሻል። ግራው ከቀኙ እኩል አይደለም፤ ሁለቱንም ካልለካሽ መጋረጃው አንድ እግሩን አጥፎ ይቆማል። ለካሁ፣ ጻፍኩ፣ ጨረስኩ። ቦርሳዬን ይዤ መውጣት ነው የቀረኝ። ምን እንደነካኝ አላውቅም፣ በሩን ከውስጥ ዘጋሁትና መሃል ላይ ቆምኩ። እንዲሁ ቆምኩ። ማንም እታለም አላለኝም። የስንት ዘመን ድካሜ በእግሬ ሲወርድ ተሰማኝ አልኩሽ!»

አከራይዋ በሩን ከፍተው ሲገቡ እታለም ቦርሳዋን እንዳቀፈች ቆማለች።

«ምነው፣ የጎደለ ልኬት አለ?»

«ቤቱ ይከራያል?»

«ለማን?»

«ለእኔ።»

«ከማን ጋር?»

«ከእኔ ጋር።»

አከራይዋ መነጽራቸውን አውልቀው አዩዋት፣ መልሰው አድርገውም አዩዋት። ኪራዩ እንደማያቅታት ነገረቻቸው። እሳቸውም አንድ ነገር ብቻ እንደሚፈልጉ ነገሯት፤ ከቤተሰቧ የሆነ፣ ሥራ ላይ ያለ ዋስ። ያለፈው ተከራይ ቧንቧ ሰብሮ፣ የታችኛውን ፎቅ አጥለቅልቆ ጠፍቶባቸዋል። «እስከ ቅዳሜ እጠብቅሻለሁ። ከዚያ ወዲያ ግን አዲስ የተጋቡ ልጆች እየጠየቁኝ ነው፤ ለእነሱ እሰጣለሁ።»

«ቀላል ነው ብዬ እያንጎራጎርኩ ወደ ቤት ሄድኩ» አለች እታለም። «ወንድሜ ደመወዝተኛ፣ ወንድሜ የኔ። ከዚህ የበለጠ ዋስ ከየት ይመጣል?»

እራት ላይ ነገረቻቸው። የወንድሟ ማንኪያ አየር ላይ ቀረ።

«ማን ምን አለሽ?»

«ማንም ምንም አላለኝም።»

ወንድም ወደ ሚስቱ አየ። ሚስት ወደ ሳህኗ አየች። ትልቋ ልጅ «እታለም፣ ልታገቢ ነው?» አለች። ምሽቱ ሳይገፋ ከሌላ ከተማ እህቲቱ ደወለች፤ ወሬው እንዴት እንደደረሳት እንጃ። ሰላምታ እንኳ የለም።

«ማነው ሰውየው? ሥራ አለው?»

«ሰውየው እኔ ነኝ። ሥራም አለኝ።»

«አትቀልጂ እታለም! ሰው ዝም ብሎ ከቤቱ ይወጣል?»

እዚህ ላይ ነው የነገሩ ውሉ። በእነሱ ቤት፣ በዘመዶቻቸውም ቤት፣ ያላገባች ሴት ከቤት የምትወጣው ተቀይማ ብቻ ነው። ሌላ ምክንያት ሰምተው አያውቁም። ስለዚህ ወንድሟ ቁርጡን ነገራት፤ «ያስቀየመሽን ሰው ሳትነግሪኝ ምንም ነገር ላይ አልፈርምም።» ክፋት አልነበረም። ካልፈረመ ቤቱ ይቀራል፣ ቤቱ ከቀረ ኩርፊያው በርዶላት አብራቸው ትኖራለች፤ ይህ ነው ሒሳቡ።

ከማግስቱ ጀምሮ እንክብካቤው በዛ። የሚጣፍጠው ሁሉ ወደ እሷ ሳህን ይሻገራል። ቴሌቪዥኑ በጊዜ ይጠፋል። የኳስ ጓደኞች መጡና ጎል ሲገባ በሹክሹክታ «ጎል» ተባባሉ። «ያን ጊዜ ነው እንባዬ የመጣው» አለችኝ። «ጎል በሹክሹክታ ሰምተሽ ታውቂያለሽ? የሞተ ሰው ያለበት ቤት ነው የሚመስለው።»

ሌላ ዋስ ፈለገች። የአጎቷ ልጅ ዘንድ ሄደች፤ «መጀመሪያ ታረቂ፣ ከዚያ ምን ገዶኝ» አላት። የአክስቷ ልጅ ዘንድ ሄደች፤ ያንኑ አለቻት።

«ከማን ጋር ነው የምታረቀው?» ብትላት፣

«እሱን አንቺ ታውቂያለሽ» ብላ ጉንጯን ስማ ሸኘቻት።

ቅዳሜ ሲቃረብ አንድ ቀን ከሥራ ስትገባ ሳሎኑ ውስጥ ወንበር በክብ ተደርድሯል። አስታራቂ ተጠርቷል። በዋናው ወንበር አጎቷ ተቀምጠዋል፤ የከባድ መኪና ሾፌር የነበሩ፣ ድምፃቸው እስካሁን ዳገት እንደሚወጣ መኪና የሚያጓራ። አጠገባቸው ጎረቤታቸው፣ ጡረታ ከወጡም በኋላ ሰፈሩ ሁሉ «ዳይሬክተሯ» የሚላቸው ሴትዮ አሉ። ወንድሟ አንገቱን ደፍቷል። ሚስቱ የሻይ ትሪ ይዛ በማድ ቤቱ በር ላይ ቆማለች። ልጆቹ ወደ ጎረቤት ተልከዋል። እታለም የቀረላት ቦታ ያው አልጋዋ ነው፤ ሶፋው ላይ ተቀመጠች።

«በይ ልጄ» አሉ አጎት፣ «የሆድሽን አውጪው። ማነው የበደለሽ?»

«ማንም።»

«በነገር ነው በሥራ?»

«በምንም።»

«እንግዲያው በዝምታ ነው» አሉ ዳይሬክተሯ ራሳቸውን እየነቀነቁ። «በዝምታ መበደል የሚባል አለ። ስንት ክፍል ውስጥ አይቼዋለሁ።»

«እትዬ፣ እዚህ ቤት ዝም የሚለኝ ሰው ቢገኝ ኖሮ ተመስገን ብዬ እተኛ ነበር።»

አጎት ወንበራቸው ላይ ተቁነጠነጡ። «የበደለ ከሌለ እኔ ምን ልሠራ መጣሁ? ያልተጣላ ሰው አስታርቄ አላውቅም! ቢያንስ ትንሽ ነገር የለም? ትንሽ? የቆየም ቢሆን እንቀበላለን።»

«የለም አጎቴ።»

«አስቢ እስቲ።»

«አሰብኩ። የለም።»

እንዲህ ሲመላለሱ ቆዩ። በመሃል የወንድሟ ሚስት የሻይ ትሪውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። እጇን በቀሚሷ ጠረገች።

«እኔ ነኝ» አለች።

ሁሉም ዞሩ።

«እኔ ነኝ ያስቀየምኳት። አንድ ቀን ሳሎኑ ጠበበን ብዬ ተናገርኩ፤ ሰምታኛለች። ጥፋቱ የኔ ነው። ካሳ ይሁናትና ባለቤቴ ይፈርምላት።»

«ይኸውልህ!» አሉ አጎት ጉልበታቸውን መታ አድርገው፣ ማርሽ እንደገባለት ሾፌር። «ይኸው ነው! አሁን ነገር ሆነ!»

እታለም የምታጠብቀውን ብሎን ትታ ወደ እኔ አየች። «ውሸቷን ነው። እንዲህ ብላ አታውቅም፤ ሰው ፊት ቀና ብላ የማታውቅ ልጅ ናት። ዓይኗን አየሁት። 'ተቀበይኝና ውጪ በቃ' ይለኛል። እኔ ራሴን በአዎንታ መነቅነቅ ብቻ ነው የቀረኝ። ቁልፉ እጄ የገባ ያህል ነው።»

«ታዲያ?» አልኳት። ብረቱን መደገፌንም ረስቼዋለሁ።

«ልል ነበር። 'አዎ' የሚለው ቃል ምላሴ ላይ ደርሶ ነበር። ከዚያ አሰብኩት፤ ፈጥኜ ነው ያሰብኩት፣ መቀስ ጨርቁን ከመንካቱ በፊት እንደምታስቢው። 'አላለችም' አልኩ።»

የአጎት ፊት ጨለመ። እታለም ተነሳች።

«ይቺ ልጅ እንዲህ ብላ አታውቅም። ለእኔ ብላ ነው የዋሸችው፤ ነገ የባሏን እህት አስወጣች ተብላ ልትኖር። አልቀበልም። ደግሞ ስሙኝ። እኔ ተጣልቼ ከወጣሁ የተጣላ ሰው ይታረቃል። የታረቀ ሰው ወደ ቤቱ ይመለሳል። ዛሬ በኩርፊያ ትሸኙኝና ከርማችሁ እነዚህኑ ወንበሮች ደርድራችሁ በእርቅ ትመልሱኛላችሁ፤ እኔም እምቢ የምልበት አፍ አይኖረኝም። ተጣልቼ አልወጣም! ምንም ሳልቀየም፣ ማንም ሳይበድለኝ፣ እየወደድኳችሁ ነው የምወጣው። የምፈልገው በር ነው። የራሴን በር። ይህን ለማለት የግድ መጣላት ካለብኝ፣ እሱን አላደርገውም።»

ዳይሬክተሯ መልሱን ከማያውቀው ጥያቄ ጋር እንደተፋጠጠ ተማሪ ጣሪያ ጣሪያ አዩ። ያን ጊዜ ነው ወንድሟ ከተደፋበት ቀና ያለው።

«ሰው ምን ይለኛል እታለም?» አለ። ድምፁ የልጅ ሆኖ ነበር። «ያሳደገችውን እህቱን አባረራት ነው የሚሉኝ። ጠዋት ማታ በዚህ ሰፈር ነው የማልፈው። ማንን ቀና ብዬ አይቼ ልለፍ?»

«እሱ ነው እንዴ?» አለችው። «እሱ ከሆነማ አንተው ውሰደኝ። በጠራራ ፀሐይ፣ በዋናው መንገድ። የስፌት መኪናዬን በትከሻህ ተሸክመህ። የሚያይህ ይይህ፣ የሚጠይቅህ ካለ ቆመህ ንገረው። የሚያባርራትን ሴት ዕቃ ማን በትከሻው ይሸከማል?»

ወንድም አፍንጫውን በእጁ ጠረገ። «መኪናው እኮ ከባድ ነው።»

«አንተስ ቀላል ነበርክ? በጀርባዬ አይደለም ወይ ያሳደግኩህ?»

መጀመሪያ የሳቁት አጎት ናቸው። ከዚያ ሁሉም፤ ወንድሟም እያለቀሰ ሳቀ። ሳቁ በረድ ሲል አጎት ግራ ገብቷቸው ወደ ዳይሬክተሯ ዞሩ። «እንግዲህ ምን ብዬ ልዝጋው? ታርቀዋል ልበል?»

«ሳይጣሉ ተስማምተዋል ይበሉ» አሉ ዳይሬክተሯ፤ ሻያቸውንም አነሱ።

ቅዳሜ ጠዋት ወጡ። አጎት ሻንጣዋን ይዘው ከፊት ከፊት መንገድ ያስለቅቃሉ፤ ወንድም የስፌት መኪናውን ተሸክሞ ይከተላል፤ ሚስቱ ድስትና ሳህን፣ ልጆቹ ትራስና ብርድ ልብስ ይዘዋል። እታለም ቦርሳዋን ብቻ። ገና መታጠፊያው ላይ ፀጉር አስተካካዩ መላጫውን እንደያዘ፣ ግማሹ የተላጨ ደንበኛው ከኋላው ተከትሎት ብቅ አለ።

«ወዴት ነው ይሄ ሁሉ?»

«እህቴን ቤት ላስገባ ነው!» አለ ወንድም ከመኪናው ሥር።

«መጀመሪያ ላይ በግድ ነበር የሚለው» አለችኝ እታለም። «ኋላ ግን ጣመው። ማንም ሳይጠይቀው ያስቆማቸው ጀመር። አንዱን የማናውቀውን መንገደኛ ሁሉ 'እህቴን ቤት ላስገባ ነው' አለው፤ ሰውየው ግራ ገብቶት 'እንኳን ደስ አላችሁ' ብሎ አለፈ።»

አከራይዋ ከደረጃው ጫፍ ሆነው ይህን ሠራዊት ሲያዩ ደነገጡ። «ስንት ሰው ነው የሚገባው?»

«አንድ» አለች እታለም ከሁሉም ኋላ። «ሌላው አጃቢ ነው።»

ወንድሟ መኪናውን አሁን ካለበት ቦታ አስቀምጦ፣ ላቡን ጠርጎ፣ የመስኮቱን ደፍ ጠረጴዛ አድርጎ ፈረመ። ልጆቹ ሻወሩን ከፍተው ዘጉት፣ ደግመው ከፈቱት። ከዚያ ሁሉም ሄዱ።

«ያን ዕለት ደስታሽ እንዴት ነበር?» አልኳት።

ከወንበሩ ወረደች። «ደስታ? ፈራሁ እንጂ። እንዲህ ያለ ጸጥታ ሰምቼ አላውቅም። ወለሉ ሲንቋቋ ሰው የመጣ ይመስለኛል። ሻንጣዬን ሳልፈታ አልጋው ላይ ተቀመጥኩ። ነገ በጠዋት እመለሳለሁ አልኩ፤ ማፈር እንደሆነ አንድ ሰሞን ነው። ነጋ። ተነሳሁ። ገላዬን ታጠብኩ፣ ፀጉሬን አበጠርኩ፣ መስታወቱ ፊት የፈለግኩትን ያህል ቆምኩ። ማንም በር አልደበደበብኝም። ወጥቼ ሻንጣዬን ፈታሁ።»

ሻዩን ቀዳችልኝ። ብቸኝነቱ አሁንም ሲመጣ ይመጣል አለች። ሲመጣ ወርዳ ከብስክሌት ጠጋኙ ጋር ትጫወታለች፤ ወይ እየሄደች ልጆቹን ታያለች። አንዳንዴ በጊዜው ያላለቀሰችውን ታለቅሳለች። «የጓደኛዬን ለቅሶ እዚህ ጨረስኩት። ዘግይቷል ግን ጨረስኩት። ወደዚያ ሶፋ ግን አልመለስም። ቢከፋኝም እዚሁ ይከፋኝ።»

ከሁሉ የገረማት የወንድሟ ሚስት ናት። አንድ ከሰዓት በኋላ ብቻዋን መጣች። ሻይ አልፈለገችም፣ ወሬም አልያዘችም። «ትንሽ ጋደም ልበል?» አለች። ጫማዋን አውልቃ አልጋው ላይ ተኛች፤ ፀሐይዋ ከመስኮቱ እስክትሸሽ ድረስ አልተነቃነቀችም። እታለም የስፌት መኪናውን እንኳ ሳትነካ ጨርቅ በእጇ ስትዘመዝም ጠበቀቻት። ስትነቃ ፊቷን ታጥባ፣ ፀጉሯን አስተካክላ «በይ ልሂድ፣ ልጆቹ ከትምህርት ቤት ይመጣሉ» ብላ ወጣች።

«አሁን በየሳምንቱ ትመጣለች» አለችኝ። «ምን ትሠራላችሁ ብትይኝ፣ ምንም። እሷ ትተኛለች፣ እኔ እዘመዝማለሁ። ለወንድሜ መጋረጃ ልታስለካ ሄደች እንለዋለን። ስንት መስኮት ያለው ቤት ነው ያለን ብሎ እስካሁን አልጠየቀም።»

ብረቱ ተሰቅሎ አለቀ። ወፍራም፣ ቡናማ መጋረጃዋን በቀለበቶቹ አስገብታ ወዲያ ወዲህ ሳበችው። ከታች ጫፉ ከመስኮቱ ደፍ ጋር እኩል ወረደ፤ ግራውም ቀኙም። ለራሷ የሰፋችው የመጀመሪያው መጋረጃ እንደሆነ ያን ጊዜ ነገረችኝ። ራቅ ብላ አየችው፣ ቀረብ ብላ አንድ ክር በጥርሷ በጠሰች።

መሽቶብኝ ስለነበር ተነሳሁ። እስከ ደረጃው አፋፍ ሸኘችኝ። እንደ ወጉ ጉንጭ ለጉንጭ ተሳሳምን፤ እኔም እንደ ወጉ «ሰሞኑን ብቅ ብዬ እጠይቅሻለሁ» አልኳት።

«ነይ» አለች። «ግን ደውለሽ ነይ። ደስ ካላለኝ 'ዛሬ አይመቸኝም' እልሻለሁ። እንዳትቀየሚኝ፤ ይህንን ቃል ገና እየተለማመድኩት ነው።»